ካርታ የሌላት ኪዳነ ምሕረት

የእኛ ኪዳነ ምሕረት ካርታ የላትም።

ታቦት አላት። ቄሰ ገበዝ፣ መሪጌታ፣ ቀዳሾች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አላት። በየወሩ በ16 ግቢዋን ሞልቶ መንገድ ላይ የሚቆም ሕዝብ አላት። የቆመችበት መሬት ግን በወረቀት የእሷ አይደለም። እኔ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። እስከ ዛሬ የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ እኔ ቤት፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ አንድ አረንጓዴ ዶሴ ውስጥ ናቸው። ልጆቼ «የኪዳነ ምሕረት ዶሴ» ይሉታል።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ዳርቻ ነው። የሰፈሩን ስም አልጽፍም። ጉዳያችን ገና አላለቀም፤ በዚህ ጽሑፍ ማንም ቅር እንዲለው አልፈልግም። የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። «ቤተ ክርስቲያን አላችሁ፣ ትቀድሳላችሁ፣ ታዲያ ቦታ ቦታ የምትሉት ምን ሆናችሁ ነው?» ይሉኛል። ቆሜ በሁለት ቃል መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እዚህ ሰፈር የገባነው በ2008 ዓ.ም. ነው። በማኅበር ተደራጅተን ቦታ ሲደርሰን፣ እኔና ባለቤቴ ሁለት ክፍል አንሥተን፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ጋርደን ገባን። ያኔ ዙሪያው ማሳ ነበር። ጠዋት ስነሣ በሬ ሲጠመድ አያለሁ። ጎረቤቶቻችን ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከቢቡኝ፣ ከአዋበል የመጡ ናቸው። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ አረቄ የምታወጣ አለች። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ በየአቅጣጫው ሰፍታለች። በየዓመቱ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ በየቆርቆሮው ሥር ደግሞ አንድ ቤተሰብ ይገባል።

አጥቢያችን ሩቅ ነበር። በበጋ 50 ደቂቃ በእግር፣ በክረምት ከዚያ በላይ። አራስ ልጇን ለክርስትና ስትወስድ፣ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ፣ ገና ሳይነጋ ትነሣለች። እኔም የመጀመሪያ ልጄን እንዲሁ አዝዬ ሄጃለሁ።

መጀመሪያ የተሰበሰብነው በጽዋ ማኅበር ነው። 12 አባወራ ሆነን በኪዳነ ምሕረት ስም ጀመርን። ወሩ 12 ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። በ16 ማታ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ ጸሎቱን ያስጀምራሉ፣ ተረኛው ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። በሁለተኛው ዓመት 31 ሆንን። ጽዋው አንድ ቤት ዞሮ ለመድረስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ሊፈጅ ነው። ሰውም ቤት ውስጥ አልበቃ አለ። ግማሹ ደጅ ይቆማል። ደጅ የቆመ ሰው ጸሎቱን አይሰማም። ይህ ደጅ መቆም እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

በ2009 ሐምሌ ላይ የባለቤቴ እናት አረፉ። እማማ ነበር የምንላቸው። እኛው ቤት ነው ያረፉት፣ ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ገደማ። በማግስቱ የእድሩ ሰዎች ሳጥኑን ተሸክመው ወጡ፤ እኛ ከኋላ ተከተልን። ከሰፈራችን እስከ አጥቢያችን ባለው መንገድ መሐል አንድ ጅረት አለ። በበጋ ልጆች ዘለው የሚሻገሩት ነው። የዚያን ቀን ግን ሲዘንብ አድሮ ደፍርሶና ሞልቶ ይወርዳል። ካህናቱ ሊቀበሉን መጥተው ከወዲያ ማዶ ቆመዋል። እኛ ከወዲህ ነን። ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን ድንጋይ ላይ አሳረፉት።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ዝናቡ አላባራም። የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን አውልቀው ሳጥኑ ላይ ደረቡት። የሴቶቹ ለቅሶ ጸጥ አለ፤ ለቅሶ እንኳ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። አንድ ወጣት ገመድ ይዞ ተሻገረ። ከዚያ ስምንት ወንዶች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው እማማን ከጭንቅላታቸው በላይ አንሥተው አሻገሯቸው። ሳጥኑ ግማሽ ላይ አንድ ጊዜ ዘንበል አለ። ሁላችንም «እመቤቴ!» ብለን ጮኽን።

ባለቤቴ መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ማታ ቤት ገብተን እግሩን ሳስታጥበው «እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጽዋ ላይ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን እንትከል ተባለ። ፊርማ ተሰበሰበ። 214 ሰው ፈረመ፤ መፈረም የማይችሉ አሻራቸውን አደረጉ። ወረዳ ቤተ ክህነት ሄድን፣ ከዚያ ሀገረ ስብከት። የተሰጠን መልስ ትክክለኛ ነበር። መጀመሪያ ቦታ፣ ከዚያ ታቦት። ታቦት ያለ ቦታ የት ያርፋል?

ቦታ የሰጡን ሁላችን አያ የምንላቸው ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ከሰፈራችን ጫፍ ላይ ይጀምራል። ሽማግሌ ልከን ልንለምናቸው ስንዘጋጅ ቀደሙን። በ16 ማታ ራሳቸው ጽዋው ወዳለበት ቤት መጡ። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡና «ስንዴዬን ዘንድሮ ልጨደው። ከዚያ ወዲያ ያቺ አንድ ጥማድ የእሷ ናት» አሉ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። ብዙ መሬት ያላቸው ሰው አይደሉም። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ጠላ ቀምሰው ወጡ።

የእሳቸው መስጠት ግን ካርታ አይሆንም። ይዞታቸው የእርሻ ነው። የከተማው ክልል ሲሰፋ ማሳቸው ወደ ከተማ ተጠቃለለ። የከተማ ቦታ ደግሞ በሰጪና በተቀባይ ቃል አይተላለፍም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለአምልኮ ቤት የሚሆን ቦታ ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ መንገድ ይከፍታል። እኛም በዚሁ መንገድ ጠየቅን። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን በ2010 ተጻፈ። ዶሴው ውስጥ ከላይ ያለው እሱ ነው። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ስለደረሰ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።

መልሱ እስኪመጣ ታቦታችን በደባልነት ተቀመጠች። አሮጌው አጥቢያችን ተቀብሎ አስጠግቶ አኖራት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በደስታ ነው የተቀበሏት። ደባል ግን ደባል ነው። በራሷ ቀን እንኳ ተራ አይታ ነው የምትነግሠው።

በ2012 ኅዳር ላይ ሀገረ ስብከቱ ሲፈቅድ መቃኞ ሠራን። ማንም አልቀረም። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ቋሚ ባሕር ዛፍና አምስት ማገር አመጣ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር የረገጡት ወጣቶቹ ናቸው። ውሃውን በጄሪካን ያመላለስነው እኛ ሴቶቹ ነን። ምርጊቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። 72 ቆርቆሮ ገዛን። ሚስማሩን በሙሉ የሰጠን ሙስሊሙ ባለሱቅ ጎረቤታችን ነው። የሰፈራችን ሙስሊሞችም እስከ ዛሬ የመቃብር ቦታ እየጠየቁ ነው፤ ቢሮ ደጅ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አብረን ተራ እንጠብቃለን።

ጥር 16 ቀን 2012፣ ቅዳሜ፣ ታቦታችን ከደባልነት ወጥታ መቃኞዋ ገባች። ያን ቀን በቃል መጻፍ አልችልም። አያ ያቺ ስንዴ ያጨዱባት ማሳ ላይ ቆመው እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሮና ገባ።

መቃኞ ማለት ዋናው ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ የሚቆም ጊዜያዊ ቤት ነው። ለሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ለሦስት ብለን ነበር የሠራነው። ስፋቱ 8 ሜትር በ12 ሜትር ነው። ከዚያ ላይ መቅደሱ፣ ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ በመጋረጃ ይከፈላሉ። ለምእመን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሕዝቡ ደግሞ አልቆመም። ለመጀመሪያው ቅዳሴ ልዑካን ስንለምን ነበር፤ ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋልና አንዳንድ እሑድ አምስተኛውን ሰው ከሌላ ደብር በባጃጅ እናመጣ ነበር። ዛሬ ዲያቆናቱ የራሳችን ሰፈር ልጆች ናቸው። ቀዳሹ ሞላ። ቦታው ግን ያው ነው።

ባለፈው ፍልሰታ የሆነውን ልንገራችሁ። ነሐሴ 9 ቀን 2017፣ ዓርብ ነው።

በፍልሰታ ልጅ ይበዛል። የማይጾም ልጅ፣ የማይቆርብ ልጅ የለም። ቅዳሴው 6 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ልጆቹ ግን ከ5 ሰዓት በፊት መጥተው ሰሌኑ ላይ ይደረደራሉ። እህል ውሃ አልቀመሱም። ትልልቁ ትንሹን እያባበለ ይጠብቃል። መቃኞው በልጅ ብቻ ሞላ። እኛ እናቶች ወደ ግድግዳው ተጠጋን። ሌላው ሕዝብ ሁሉ ውጭ ሸራ ሥር ነው፤ ሸራው ያልደረሰለት ደግሞ ፌስታል አናቱ ላይ አድርጎ ጭቃው ላይ ቆሟል።

ቅዳሴው ተጋምሶ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ የሰማ ያውቀዋል። የዲያቆኑ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ የለም። ውስጥ ያለነው በልማድ ተሰጥኦውን መለስን። ውጭ ያለው ሰው ግን ምን ላይ እንደተደረሰ አያውቅም። በሩ ላይ የቆመች አንዲት ሴት አለች፤ ሁልጊዜ እዚያው ነው የምትቆመው። ዓይኗ ውስጥ ነው፣ ጀርባዋ ውጭ። እሷ ስትሰግድ ከኋላዋ ያሉት ይሰግዳሉ፤ እነሱን አይተው ከነሱ ኋላ ያሉት ይሰግዳሉ። ስግደቱ እንደ ንፋስ እስከ አጥሩ ድረስ ይሄዳል። ስንት ዓመት ሰው ቅዳሴ የሚያስቀድሰው በአንዲት ሴት ጀርባ ነው።

ከዚያ ከመጋረጃው ጎን ንፍቅ ዲያቆኑ ብቅ አለ። እጁን ከጭንቅላቱ በላይ ዘርግቶ ምልክት ሰጠ። ቶሎ አልገባንም። ቄሰ ገበዙ ቀድመው ገባቸው፤ ወደ ዕቃ ቤቱ ጥግ ሄደው አንድ የስእለት ጃንጥላ አነሡ። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። በልጆቹ አናት ላይ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፈን መጋረጃው ጋ አደረስነው። ውስጥ የሆነውን ያወቅነው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጣሪያው በመንበሩ ትይዩ አፍስሶ ነበር። ቅዱስ ቁርባኑ እስኪፈጸም ድረስ አንድ ዲያቆን ጃንጥላውን በሁለት እጁ ይዞ ሳይነቃነቅ ቆሟል። ታቦት ሲወጣ ፀሐይ ላይ የሚዘረጋ ጃንጥላ ቤት ውስጥ ተዘረጋ። በኋላ ዕቃ ቤት በር ላይ ተሰቅሎ ከዘርፉ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁት። ከሥሩ ጠብታው ቀይ ነበር፤ ቀለሙ ለቅቋል።

23 የስእለት ጃንጥላ አለን። እያንዳንዱን የሰጠው ሰው አለ፤ ልጅ የወለደ፣ ከሕመም የዳነ፣ መንገድ ሄዶ በሰላም የተመለሰ። አጣጥፈን በማዳበሪያ ከተን ነው የምናስቀምጣቸው፤ መስቀያ ቦታ የለም።

ልጆቹ በዚያ በረዶ ውስጥ ቆረቡ። የቅዳሴ ጠበል ጠጥተው አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይዘው አንድ በአንድ ሲወጡ፣ እናቶቻቸው በር ላይ እየተቀበሉ ያዝሏቸው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ በሴቶች በኩል ያለው ግድግዳ ተናደ። ሦስት ማገር ሙሉ ምርጊቱ ወረደ። ሰው አልነበረም። ቀን እኛ ተደግፈን የቆምንበት ግድግዳ ነው።

«ታዲያ ለምን በብሎኬት አትሠሩትም?» ለሚለኝ ሰው መልሱ ይኸው ነው። ካርታ ከሌለ የግንባታ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ አንችልም። በሸራ ጋረድነው። ለመጠገን እንጂ ለመሥራት መብት የለንም። የጎደለን ገንዘብ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ገንዘብም ይጎድለናል፤ ግን እሱ ይመጣል። በወር አንድ ቀን በነጻ ልሥራላችሁ ብሎ ስሙን ያስመዘገበ ግንበኛ አለን፤ የሚሠራበት ግድግዳ አላገኘም።

ቢሮውን ልውቀስ አልፈልግም፤ የሆነውን ግን እናገራለሁ። ጉዳያችንን የያዘው ክፍል ኃላፊ ሦስት ጊዜ ተቀያየረ። በተቀየረ ቁጥር ከሀ እንጀምራለን። በ2014 «እህቴ፣ ፋይላችሁ የለም» ተባልኩ። መዝገብ ቤት ተፈለገ፣ ጠፋ። ያን ቀን አረንጓዴው ዶሴ ባይኖር አልቆልን ነበር። የሁሉንም ኮፒ ስለያዝኩ አንድ በአንድ አስፎቶኮፒ አድርጌ መልሼ አስገባሁ። በ2015 ማብቂያ ደግሞ ግጭቱ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ጎጃም እንዴት እንዳሳለፈችው ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት የለም፣ ሌሊት ለማኅሌት መውጣት ያስፈራል። ካህናቱ ብዙ ጊዜ እዚያው መቃኞው ውስጥ አድረው ነው የቆሙት። ስለ ካርታ ማውራትም ያሳፍር ነበር።

ነገሩ ትንሽ ረገብ ሲል ደግሞ ሌላ መጣ። ቦታው በከተማው ፕላን ላይ «አረንጓዴ ቦታ» ተብሎ ተቀብቷል። ይህን የነገረኝ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። እኔም ስሜታዊ ሆንኩ። «ይህች ከተማ ድሮ መንቆረር ነበር የምትባለው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ማርቆስን ተክለው ነው ደብረ ማርቆስ የተባለችው። ስሟን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ቦታ ታጣለች?» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «እውነት ነው እህቴ። ግን ፕላኑ አረንጓዴ ይላል» አለኝ።

ቤት ገብቼ አሰብኩበት። በጎጃም መንገድ ስትሄዱ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የምታውቁት በምንድን ነው? በዛፉ ነው። አገሩ ሁሉ ማሳ ሆኖ፣ ኮረብታው ላይ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካያችሁ እዚያ ታቦት አለ። ከዘመናት የእርሻ ማሳ መሐል ወይራና ዝግባ የተረፈው እዚያ ነው። ይህንኑ ጻፍኩ። አረንጓዴ ቦታ ከፈለጋችሁ ለእኛ ስጡን፤ ከእኛ የተሻለ ጠባቂ አታገኙም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ የሚቆርጥ የለም አልኩ። ሰንበት ተማሪዎቹም ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ችግኝ ተከሉ፤ ፎቶውን አያይዤ አስገባሁ። የወደቀውን ግድግዳ ፎቶም ጨመርኩ። ያ ደብዳቤ ነው በሩን የከፈተው። ፕላኑ ይታይ ተባለ።

በኮሚቴያችን ውስጥም አንድ አለመግባባት አለ። ሳልጽፈው ባልፍ እውነቱ ይጎድላል። አንድ የአገራችን ተወላጅ ከሩቅ ሆኖ በራሱ ወጪ ንድፍ አሠርቶ ላከልን። ባለ ሦስት ጉልላት ነው፤ ምድር ቤቱ አዳራሽ፣ ሁለት ደወል ቤት ያለው። ሰው ሁሉ ወደደው። እኔ አልወደድኩትም። ለመጨረስ 15 ዓመት ይፈጃል፤ 15 ዓመት ሙሉ ብረቱ አናቱ ላይ ቆሞ ዝገት ሲጠጣ እናያለን፤ ልጆቻችን በመቃኞ ተድረው በመቃኞ ይወልዳሉ። የእኔ ሐሳብ እንደ አባቶቻችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ይሁን ነው። እስከ መስኮቱ በአገሩ ድንጋይ፣ በሦስት ዓመት የሚያልቅ። ክብ ሲሆን ሕዝቡ በአራቱም ማዕዘን ይከባል፤ ደጅ የቆመውም በየበሩ ይሰማል።

ከጎኔ የቆሙት መሪጌታ ናቸው። የእሳቸው ምክንያት ግን ከእኔ ይለያል። መሪጌታ ቅኔ ያስቆጥራሉ። በጎጃም ቅኔ ቤት የሌለው ደብር ገና እንዳልሞላ ነው የሚታየው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሕንፃውን አይደለም፣ የቅኔ ጉባኤውን ነው። የእኛ መሪጌታ 14 ተማሪ አላቸው። የሚያስተምሩት አንዲት ብሳና ሥር ተቀምጠው ነው። ዝናብ ሲመጣ ተበትነው ይሮጣሉ። ጎጆ መቀለስ አይችሉም፤ ቦታው የእኛ አይደለማ። ስለዚህ በየሰዉ ማድ ቤት ነው የሚያድሩት። አንዱ እኛ ቤት ነው። የ13 ዓመት ልጅ ነው፣ ከደጋ ዳሞት የመጣ። ሌሊት ምድጃ አጠገብ ተኮራምቶ ትምህርቱን ሲቀጽል ይሰማኛል። ባለፈው ስብሰባ ላይ ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ጉልላቱን ሲያይ፣ መሪጌታ ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፣ እኔ መጀመሪያ ለእነዚህ 14 ልጆች የጎጆ መትከያ ስጡኝ። ጉልላቱን ስትደርሱበት ትሠሩታላችሁ» አሉ። ስብሰባው በዚያ ተበተነ። እስካሁን አልወሰንንም።

ባለፈው ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ቀያሾች መጡ።

ስልክ ሲደወልልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። አስፈቅጄ ወጣሁ። ስደርስ መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁመው ይለካሉ። አያ በዱላቸው ተደግፈው ጥግ ላይ ቆመዋል። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ከነሱ ጋር ይዞራሉ። ሰው ሥራውን ትቶ መጣ። አንዳንዱ በለሆሳስ ይጸልያል። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ችካል ተመታ። ስድስት ችካል። ስድስተኛው ሲመታ አንዲት እናት እልል አለች። ሌላው ተቀበላት።

የጠየቅነው 6,000 ካሬ ነበር። የአያን ጥማድና አጠገቡ ያለውን ክፍት ቦታ ጨምረን ማለት ነው። የተለካልን 3,800 ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ይበቃል፤ ለቅኔ ቤቱም ይበቃል። መሪጌታ ያን ዕለት ማታ በእርምጃቸው ለክተው 7 ጎጆ ይይዛል ብለዋል። የተቆረጠው የመቃብሩ ቦታ ነው። ለቀብር በነባሩ አጥቢያ ተጠቀሙ ተብሏል። ነባሩ አጥቢያ ከጅረቱ ማዶ ነው። በጅረቱ ላይ እስከ ዛሬ ድልድይ የለም።

ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስ በዚያ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። ችካሎቹን እቆጥራለሁ። አንድ ቀን አምስት ብቻ አገኘሁ፤ ስድስተኛውን ላም ገፍታ ጥላው ኖሯል። የመሪጌታ ተማሪዎች ቀድመው አይተው በድንጋይ መልሰው መቱት፤ ዙሪያውን እሾህ አጠሩለት። ቦታው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ቀያሹን ደውዬ አስመጣሁት። ትክክል ነበር።

ካርታው ገና አልወጣም። የከተማው ካቢኔ ይወስናል፣ ከዚያ ይፈረማል፣ ከዚያ ይታተማል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ነው የሚወጣው። ከዚያ በፊት ግን ስለ መቃብሩ ቅሬታ የማስገባት መብት አለን። ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ ተቀጥረናል። ቄሰ ገበዙ፣ የእድሩ ዳኛና እኔ እንሄዳለን። ደብዳቤውን ሁለት ሌሊት ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።

ትናንት ማታ ባለቤቴ ዶሴውን ከቁም ሣጥን አናት አወረደልኝ። አቧራውን በእጁ ጠረገው። አዲሱን ደብዳቤ ከላይ ሳስቀምጥ አጠገቤ ቆሞ አየና «የእማማን ቀን ጻፍሽው?» አለኝ።

ጽፌዋለሁ። ገመዱንም፣ ጋቢውንም፣ ስምንቱንም ሰዎች።